መንገዱን ብቻ የሚያሳይ ካርታ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጃችን ከባሕር ማዶ ሲመለስ ካመጣቸው መጻሕፍት መካከል አንዱን እንድናነበው አውሶን ነበር። የመጽሐፉ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት መንገዶች ቅየሳ» ማለት ነው። ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ኮልስ የሚባል በአየርላንድ የተወለደ ሰው ሲሆን መታተም የጀመረው በኒው ዮርክ ከተማ በ1789 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ወዳጃችን ያመጣው ግን የጥንቱ እትም አይደለም። የጥንቱ እትም ዛሬ በጥቂት ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ካልሆነ በቀር የማይገኝ ስለ ሆነ፤ በ1961 ዓ.ም. የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ መልኩን ሳይለውጥ እንደ ገና ያወጣውን ነው።

ካርታ ሲባል አሳባችን ወዲያው የሚሄደው ወደ አገር መልክ ነው። ዳር ድንበሩ፣ ተራራው፣ ወንዙና ባሕሩ በየቀለሙ ተለይቶ፤ ተመልካቹ እንደ ንስር ከላይ ሆኖ የሚያየው ሰፊ ገጽ ይታየናል። የኮልስን መጽሐፍ ስንገልጥ ያገኘነው ግን አገር ሳይሆን ገመድ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠባብ ዐምዶች ተሰልፈዋል፤ በየዐምዱ መካከል አንድ መንገድ ብቻ ተዘርግቷል፤ ከመንገዱ ቀኝና ግራ መንገደኛ በዓይኑ ከሚያገኘው በቀር ሌላ ነገር የለም፤ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። ዐምዱ ሲያልቅ መንገዱም ይቈረጥና በሚቀጥለው ዐምድ ላይ ካቆመበት ይነሣል። አንድ ማይል መንገድ በወረቀቱ ላይ አንድ ኢንች ከሦስት ሩብ ያህል ይይዛል። እንዲህ ያሉ በመዳብ ላይ የተቀረጹ 83 ገጾች ተሰናድተው፤ ከኦልባኒ ተነሥተው በኒው ዮርክ፣ በፊላደልፊያና በአናፖሊስ አድርገው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከሚገኘው እስከ ዮርክታውን ይደርሳሉ። ሌላ አንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ከኒው ዮርክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፤ ወደ ኮኔክቲከት ይሄዳል።

መጀመሪያ ጊዜ ስናየው፤ እውነቱን ለመናገር፤ ድሃ ሥራ መሰለን። ጥቂት ቀን ከእኛ ጋር ካደረ በኋላ ግን አስተያየታችን ተለወጠ። ኮልስ በየመንገዱ ዳር ትንንሽ ምልክት አድርጓል፤ የምልክቱንም ፍች ጽፏል። ለኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን አንድ ምልክት፤ ለፕሬስቢቴርያን ሌላ ምልክት፤ ለወፍጮ፣ ለድልድይ፣ ለእስር ቤት፣ ለእንግዳ ማረፊያ፣ ለአንጥረኛ ቤት ሁሉ የየራሱ ምልክት አለው። በአንዳንድ ሥፍራም የባለቤቱን ስም ከቤቱ አጠገብ ጽፎታል። አንጥረኛውን ለምን እንደ ጻፈው ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የፈረሱ የኮቴ ብረት የወለቀበት ወይም የሠረገላው መንኮራኩር የተሰበረበት መንገደኛ፤ ከአገረ ገዢው ቤት ይልቅ አንጥረኛው ይበልጥበታል። ካርታው የተሠራው ለሚገዛ ወይም ለሚዋጋ ሰው አይደለም፤ መሽቶበት የት እንደሚያድር ለሚጨነቅ ሰው ነው። እንዲያውም ኮልስ ራሱ መጽሐፉን ለሕዝብ ባስተዋወቀበት ጽሑፍ፤ ይህን የያዘ መንገደኛ መንገዱን ሊስት እንደማይችል አረጋግጦ ይናገራል።

አሳቡ የእርሱ ፈጠራ አልነበረም። ከእርሱ 114 ዓመት ቀድሞ፤ በ1675 ዓ.ም.፤ ጆን ኦግልቢ የሚባል ሰው «ብሪታንያ» በሚል መጽሐፍ የእንግሊዝንና የዌልስን መንገዶች እንዲሁ በየዐምዱ ቈራርጦ አውጥቶ ነበር። የኦግልቢ ሰዎች መንገዱን የለኩት በእጅ በሚገፋ መንኮራኩር ነው፤ መንኮራኩሩ በዞረ ቍጥር ርቀቱ ይቈጠራል። በኦግልቢ ካርታ ላይ ሰሜን በየዐምዱ ይለዋወጣል፤ መንገዱ ሲታጠፍ ወረቀቱ አይታጠፍምና ሰሜን ራሱ እንዲዞር ተደርጓል። መንገደኛው ግን በዚህ አይቸገርም፤ ለእርሱ ሰሜን ማለት ወደ ፊቱ ነው።

እኛም አገር ቢሆን መንገድ የሚታወቀው እንዲህ ነበር። ከ1519 እስከ 1524 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል የቬኒስ ሰው፤ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ሮም የሚሳለሙ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ የመጡበትን መንገድ ጽፎ ነበር። መነኮሳቱ የነገሩት አገሩ ምን እንደሚመስል አይደለም፤ ከዚህ እስከዚያ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፤ የትኛው ከተማ ከየትኛው እንደሚቀጥል ነው። ቃሉ በተርታ እንደ መቍጠሪያ የተሰካ ነው። የኮልስን ዐምዶች ስናይ እነዚያ መነኮሳት ካርታ ሣሉ ቢባሉ ኖሮ ይህንኑ ይሥሉ ነበር ብለን አሰብን።

ኮልስ ይህን ያህል መንገድ በምን አቅሙ ለካ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። መልሱ ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በወጣትነቱ መሬት ቀያሽ ስለ ነበረ የካርታን ጥቅም ያውቃል፤ በ1777 ዓ.ም. መጀመሪያም ለኮንግሬስ ሲጽፍ ትክክለኛ ካርታ በማጣቱ እንደ ተቸገረ አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሮበርት ኧርስኪን የሚባል፤ በኒው ጀርሲ የብረት ማቅለጫ ሥራ ያስተዳድር የነበረ ስኮትላንዳዊ፤ የሠራዊቱ የቅየሳ አለቃ ሆኖ ተሾመ። እርሱና ሰንሰለት ጐታቾቹ ሠራዊቱ የሚሄድበትን መንገድ እየለኩ ከ200 የሚበልጡ ካርታዎች አዘጋጁ። ኧርስኪን በ1780 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሳለ ብርድ መትቶት ሞተ። በእርሱ ፋንታ የተተካው ስምዖን ዴ ዊት የሚባል ወጣት ነው፤ የዚህን ሰው ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል። ኮልስ ለመጽሐፉ ከተጠቀመበት ልኬት አብዛኛው ከእነዚህ የጦር ካርታዎች የተወሰደ እንደሚሆን ሊቃውንት ይገምታሉ።

ኮልስ ራሱ ያልታደለ ሰው ነበር። በ1771 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲሻገር ብዙ ዕውቀት ይዞ ነው የመጣው። በፊላደልፊያ ስለ ውሃና ስለ አየር ጠባይ ትምህርት ሰጠ። ከ1774 ዓ.ም. ጀምሮ ለኒው ዮርክ ከተማ በእንፋሎት ሞተር ውሃ የሚስብ ሥራ አቋቋመ፤ ሞተሩ ተሠርቶ ተሞክሮም ነበር። ነገር ግን በ1776 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከተማይቱን ሲይዝ ሥራው ባክኖ ቀረ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሞሆክን ወንዝ አጥንቶ፤ ፏፏቴዎቹን በቦይ በማለፍ ጀልባ ወደ ምዕራብ ሐይቆች ሊደርስ እንደሚችል በ1785 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሞ አስረዳ። ገንዘብ የሚያወጣ ግን አልተገኘም። የመንገዱ መጽሐፍ ዕጣም እንደዚሁ ሆነ። አስቀድመው ለመግዛት የፈረሙት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ኮንግሬስም እንዲረዳው አመልክቶ ነበር፤ ግን ገንዘብ አላገኘም፤ በ1792 ዓ.ም. ሥራውን አቋረጠ።

ለምን ሳይሸጥለት ቀረ? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ከካርታው ደግነት ጋር የተያያዘ ነው። መንገዱን ለሚያውቀው ሰው አያስፈልግም፤ ለማያውቀውም ከእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አፍ በነጻ ይገኛል። ከዚያም በቀር አዲሱ መንግሥት የሚፈልገው ገመዱን ሳይሆን መረቡን ነበር። በ1796 ዓ.ም. አብርሃም ብራድሊ የሚባል የፖስታ ሹም፤ ፖስታ የሚሄድባቸውን መንገዶች ሁሉ ባንድ ሰፊ ገጽ ላይ አውጥቶ አሳተመ፤ ይህ ካርታ ተቀባይነት አገኘ። በ1790 ዓ.ም. 75 ብቻ የነበሩት ፖስታ ቤቶች በ1800 ዓ.ም. 903 ሆነው ስለ ነበረ፤ ደብዳቤ ከየት ወዴት እንደሚያልፍ ባንድ ጊዜ ማየት የግድ ሆኗል። በ1802 ዓ.ም. ሙርና ጆንስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ከፊላደልፊያ ወደ ኒው ዮርክና ወደ ዋሽንግተን የሚወስደውን መንገድ እንደ ኮልስ በየዐምዱ አውጥተው ነበር፤ ሆኖም ዘመኑ እያለፈ ነበር።

ኮልስ ያልጻፈውን ነገር ስንፈልግ ከብዙ ዓመት በፊት የሠራነው አንድ ሥራ ትዝ አለን። በወጣትነታችን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ጥናት ከወጡ ቀያሾች ጋር ጥቂት ወራት አሳልፈናል። ቦታውን አንጠራም፤ አለቆቻችንንም አናነሣም፤ ጥፋቱ የእኛው ነበርና። ሥራችን የሰንሰለቱን አንድ ጫፍ ይዞ መሄድና፤ ማታ ማታ በመንገዱ ግራና ቀኝ የታየውን በመዝገብ ላይ መገልበጥ ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በርትቶብን ከሾላ ጥላ ሥር ዐረፍን። ከቁልቁለቱ በታች ምንጭ ነበረ፤ አንዲት አሮጊትም እንስራቸውን ሞልተው ሲወጡ አገኙንና በቅል ውሃ አጠጡን።

«ልጆቼ፤ ይህ ሁሉ የምትለኩት ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁን።

መንገድ ሊሠራ እንደ ሆነ፤ ያየነውንም ሁሉ በወረቀት ላይ እንደምናሰፍር ነገርናቸው።

«ምንጩንስ ጻፋችሁት?» አሉን።

«እንጽፈዋለን፤ እናቴ» አልናቸው።

በዚያች ሌሊት በፋኖስ ብርሃን ስንጽፍ ቤተ ክርስቲያኑን ጻፍን፤ የጅረቱን መሻገሪያ ጻፍን፤ ሾላውንም ሳይቀር ጻፍን። ምንጩን ግን አልጻፍነውም። ክፋት አልነበረብንም፤ ደክሞን ነበር፤ ደግሞም ምንጭ ለመኪና ምን ያደርጋል የሚል አሳብ ሳናውቀው በልባችን ሳይኖር አልቀረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ስናልፍ መንገዱ ወጥቷል፤ አፈሩ ቁልቁለቱን ሞልቶ ምንጩ ያለበትን ሥፍራ ደፍኖታል። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ከሩቁ ወንዝ ሲወጡ አየን። አሮጊቲቱም ከመካከላቸው ነበሩ። እኛን አላወቁንም፤ እኛም እኛ ነን ለማለት አፋችን አልተከፈተም።

እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በካርታ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ስናይ ባዶ ነው ብለን ማለፍ አቅቶናል።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። ስምዖን ዴ ዊት ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የኒው ዮርክ ግዛት የቅየሳ አለቃ ሆኖ በ1784 ዓ.ም. ተሾመ፤ በዚያም ሹመት እስከ ዕለተ ሞቱ 50 ዓመት ቈየ። በ1802 ዓ.ም. ያወጣው የግዛቱ ካርታ በጊዜው ወደር ያልነበረው ነው። አሁን ደግሞ ይህ ካርታ በአንድ የከሰረ ነጋዴ እጅ ሲገባ ምን እንዳደረገ እንመልከት።

ጄሲ ሃውሊ የዱቄት ነጋዴ ነበር። ስንዴው በምዕራብ ኒው ዮርክ ይበቅላል፤ ይፈጫል፤ ወደ ኦልባኒ ለማድረስ ግን ጀልባው በሞሆክ ወንዝ ላይ ከአለት ጋር ሲታገል፤ ፏፏቴ ሲያጋጥመው ጭነቱ ሲወርድና ሲጫን፤ ትርፉ ሁሉ በመንገድ ያልቃል። በ1805 ዓ.ም. ሃውሊ በአንድ ወዳጁ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብሎ ሳለ የዴ ዊትን ካርታ አውርዶ በፊቱ ዘረጋውና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ሳያውቀው በአሳብ ተዋጠ። የሚፈልገው ቦይ የሚሞላ ውሃ ከየት እንደሚገኝ ነው። ዓይኑ በመጨረሻ በናያጋራ ፏፏቴ ላይ ዐረፈ። ውሃው እዚያ የሚወድቀው ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ነው፤ እንግዲያውስ ኤሪ ሐይቅ ራሱ የቦዩ ምንጭ ሊሆን ይችላል አለ። ሰው ሁሉ ናያጋራን እንደ እንቅፋት ሲያየው፤ ሃውሊ የአገሩን ተዳፋት የሚያመለክት ምልክት አድርጎ አየው።

አሳቡን የጻፈው ግን በእስር ቤት ነው። ንግዱ ከስሮ ስለ ነበር፤ በካናንዳይጓ ከተማ በዕዳ ታሰረ፤ በዚያም ሳለ በ1807 እና በ1808 ዓ.ም. «ሄርኩሊስ» በሚል የብዕር ስም 14 ጽሑፎች በጋዜጣ አወጣ። ቦዩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፤ ስንት እንደሚፈጅ፤ ምን እንደሚያተርፍ አንድ ባንድ ቈጠረ። ብዙ ሰው እንደ እብድ አሳብ ቈጥሮት ነበር። በ1809 ዓ.ም. የግዛቱ መልእክተኛ ለፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ነገሩን ባቀረበለት ጊዜም፤ አሳቡ መልካም ቢሆንም ጊዜው መቶ ዓመት እንደሚቀረው ገልጾ መልሶታል። ሆኖም በ1810 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ ተቋቋመ፤ ከጉባኤው አባሎች አንዱ ያው ካርታውን የሠራው ስምዖን ዴ ዊት ነበር።

እዚህ ላይ የካርታው ዓይነት ይለወጣል። ለመንገድ ካርታ ቀኝና ግራ ይበቃዋል፤ ለቦይ ካርታ ግን ላይና ታች የግድ ነው። ጋሪ ዳገት ይወጣል፤ ውሃ አይወጣም። ስለዚህ የቦይ ካርታዎች ከመሬቱ ሥዕል በታች ሌላ ሥዕል አላቸው፤ አገሩ እንደ እንጀራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቈርጦ ጐኑ የታየ ይመስላል። በዚህ የጐን ሥዕል ላይ ኤሪ ሐይቅ በአንድ ጫፍ፤ ከሃድሰን ወንዝ 565 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በመካከሉ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወርዳል። በየደረጃው ያለው መወጣጫ እንግሊዞች ሎክ የሚሉት ነው፤ በግንብ የተሠራ ጠባብ ጐድጓዳ ሆኖ በሁለት ወገን መዝጊያ አለው። ጀልባው ይገባል፤ ከኋላው ያለው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከላይኛው ወገን ውሃ ሲለቀቅ ጀልባውን ተሸክሞ ይነሣል፤ ከዚያ የፊተኛው ይከፈታል። ማንም አልገፋውም፤ ማንም አልጐተተውም፤ ውሃ ራሱ አነሣው።

የቅየሳውን ሥራ የመሩት ጄምስ ጌድስና ቤንጃሚን ራይት በሙያቸው ዳኞችም ነበሩ፤ የመሬት ክርክር ሲሰሙ ልኬት ተምረዋል እንጂ የምሕንድስና ትምህርት ቤት አላዩም፤ በአገሩ ቢፈለግም እንዲህ ያለ ሙያ የተማረ ሰው ማግኘት ችግር ነበር። ይህን ያነበብነው በደስታ ነው። ቁፋሮው ሮም በምትባል መንደር አጠገብ ሐምሌ 4 ቀን 1817 ዓ.ም. ተጀመረ። ጥቅምት 26 ቀን 1825 ዓ.ም. ሥራው ተፈጽሞ፤ ርዝመቱ 363 ማይል፤ ከላይ ስፋቱ 40 ጫማ፤ ጥልቀቱ 4 ጫማ የሆነ ቦይ፤ 83 ሎኮች ይዞ ተከፈተ። ወጪው ከ7 ሚሊዮን ዶላር ያለፈ ነው። ዕለቱ ሲታወጅ ከቡፋሎ ጀምሮ በቦዩ ዳር በየርቀቱ የተተከሉ መድፎች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ተኰሱ፤ ወሬው በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ኒው ዮርክ ደረሰ። የዱቄት ነጋዴው ሃውሊም በዚያ ቀን በቡፋሎ ቆሞ ንግግር አደረገ። አንድ ቶን ጭነት ከቡፋሎ ወደ ኒው ዮርክ ለማድረስ 100 ዶላር ያህል ይከፈል የነበረው ወደ 10 ዶላር ወረደ።

ይህ ሁሉ በጐን ሥዕሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ነው። ሞንቴዙማ የሚባለው ረግረግ በሥዕሉ ላይ ከሁሉ ይልቅ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ዳገት የለበትም፤ ሎክ አያስፈልገውም፤ መስመሩ እንደ ሰሌዳ ተዘርግቷል። በእውነቱ ግን በ1819 ዓ.ም. በጋ ቈፋሪዎቹ እስከ ጕልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ሲሠሩ በወባ ንዳድ እጅግ ብዙ ሰው ወደቀባቸው፤ የሞቱትም ብዙዎች ናቸው። የቈላ ንዳድ ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ጣታችንን አሳርፈን ጥቂት ቈየን።

ሌላም አለ። በዴ ዊት ካርታ ላይ በካዩጋ ሐይቅ አካባቢ ያሉትን ስሞች ያነበበ ሰው የት አገር እንደ ሆነ ግራ ይገባዋል፤ ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ኦቪድ፣ ሲሴሮ፣ ዩሊሲስ፣ ሮሙሉስ እያለ ይሄዳል። የግሪክና የሮም ባለቅኔዎችና ጀግኖች ሁሉ በዱር ውስጥ ሰፍረዋል። መሬቱ ለጦርነቱ ወታደሮች ካሳ እንዲሆን በ1790 ዓ.ም. ገደማ ሲሸነሸን ለየክፍሉ ስም የወጣው በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰዎች ለብዙ ዘመን ዴ ዊትን ያሙት ነበር፤ እርሱ ግን ስሙን እኔ አላወጣሁም ብሎ ክዷል፤ ሮበርት ሃርፐር የሚባል ጸሓፊ እንዳወጣው ይነገራል። የስሞቹ ነገር ያስቃል፤ ከሥራቸው ያለው ግን አያስቅም። ያ መሬት የካዩጋና የኦኖንዳጋ ሕዝብ አገር ነበር። ከዚያ በስተምሥራቅ ያለውም የኦናይዳ ሕዝብ ነው፤ ኦናይዳዎች በነጻነቱ ጦርነት ከአሜሪካውያን ጋር ወግነው ሲዋጉ ብዙ ሰው ያለቀባቸው ሲሆኑ፤ በ1788 ዓ.ም. በተደረገ ውል ከመሬታቸው የሚበዛውን ለኒው ዮርክ ግዛት ለቀዋል። ቦዩ መጀመሪያ የተቈፈረበት ሮም ራሷ፤ ከሞሆክ ወንዝ ወደ ዉድ ክሪክ ጀልባ በትከሻ የሚተላለፍበት የጥንት መሸጋገሪያቸው ነበረች። መጀመሪያ ያንን መንገድ በእግሩ የለካው ማን እንደ ሆነ በካርታው ላይ አልተጻፈም።

ወንዝ ግን ለካርታ ሠሪ እንደ ሰው ዝም ብሎ አይተኛለትም። ዘዶክ ክሬመር የሚባል የፒትስበርግ መጽሐፍ ሻጭ ከ1801 ዓ.ም. ጀምሮ «መርከበኛው» የሚል መጽሐፍ እያሻሻለ ያወጣ ነበር። በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች የሚወርድ ባለ ጀልባ አለቱ የት እንዳለ፤ ደሴቱን በቀኝ ይለፈው ወይስ በግራ፤ ከዚህ መጽሐፍ ይማራል። በሚሲሲፒ ላይ ያሉት ደሴቶች ከኦሃዮ አፍ ጀምረው በቍጥር ይጠሩ ነበር። በ1811 መጨረሻና በ1812 ዓ.ም. መጀመሪያ በኒው ማድሪድ አካባቢ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ የወንዙ ዳር ሲናድ፤ አንዳንዱ ደሴት እስከ ቍጥሩ ጠፋ። 10ኛው ደሴት ግን ቀርቶ በ1862 ዓ.ም. በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ብርቱ ውጊያ ተደርጎበታል። ዛሬ እርሱንም ውሃው በልቶታል። የክሬመር መጽሐፍ እስከ 1824 ዓ.ም. ድረስ 12 ጊዜ ታትሟል፤ ኮልስ በአንዱ ሲከስር ክሬመር በ12ቱ ያልከሰረው፤ መንገድን መጠየቅ ይቻላል፤ ወንዝን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ኮልስ በ1816 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ሞተ። ከዚያ በፊት ብዙ ሥራ ሞክሮ ነበር፤ በምልክት ወሬ የሚያስተላልፍ ማማ አቁሟል፤ «የመልክዐ ምድር መዝገብ» የሚል ታላቅ አትላስ በ1794 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይፈጽም ትቶታል። የሞሆክን ወንዝ ለጀልባ ማመቻቸት ይቻላል ብሎ ካሳሰበ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ቁፋሮው ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው ነው የሞተው። ቦዩ ሲከፈት ስሙን ያነሡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የመንገዱን ካርታ ግን ያነሣ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ለማንም አያገለግልም ነበርና፤ አንጥረኞቹ ሞተዋል፤ ማረፊያ ቤቶቹ ባለቤት ለውጠዋል። ዛሬ እኛ የምንወደው በዚሁ ምክንያት ነው። ታላላቁ ካርታ የግዛቱን ድንበር ሲነግረን ኮልስ በ1789 ዓ.ም. ከሁለት ወንዝ መካከል እሳት ያነድድ የነበረውን አንጥረኛ ያሳየናል።

መጽሐፉን ለወዳጃችን ከመመለሳችን በፊት በዚያ በቀድሞው መንገዳችን በአውቶቡስ የምናልፍበት ጕዳይ ገጠመን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ሾላው ካለበት ቦታ ስንደርስ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ፤ ከስንጥቁ መካከል ጥርት ያለ ውሃ እየተንፎለፎለ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። ዳር ላይ የጥገና ሠራተኞች ያቆሙት ድንጋይ ተደርድሯል፤ አንዲት ልጃገረድም ጎንበስ ብላ በጀሪካን ትቀዳለች። የመኪናው ረዳት ራሱን በመስኮት አውጥቶ አየና ለሹፌሩ፤ «ውሃዋ ጋ ደርሰናል፤ ቀስ በል» አለው።